ለልጅ ልጅ የተሠራ ዕቃ

በፓሪስ ከተማ፣ ሞንሶ ከሚባለው የአትክልት ስፍራ አጠገብ፣ ቼርኑስኪ የሚባል አንድ አነስተኛ ቤተ መዘክር አለ። ከትልልቆቹ ጋራ ሲወዳደር ሕዝብ የማይጋፋበት፣ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ነው። ውስጡ ግን ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በቻይና አገር የተሠራ የነሐስ ዕቃና የቡድሃ ሃይማኖት ሰዎች ሲጸልዩበት የኖሩት ምስል ይገኝበታል። እኔም ባለፈው ዓመት ይህን ቤት ከመምህሬ ጋራ ስጐበኝ ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ከዚያም በኋላ በራሴ ላይ የደረሰውን፣ ለአንባቢ ላካፍል አሰብሁ።

አስቀድሞ ስለ ቤቱ ባለቤት ጥቂት ልናገር። የዓመቱን ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ። ሄንሪ ቼርኑስኪ በ1821 ዓ.ም. በሚላኖ ከተማ የተወለደ የኢጣሊያ ሰው ነበረ። በ1848 ዓ.ም. ሚላኖ በኦስትሪያ ገዢዎች ላይ በተነሣች ጊዜ ከተዋጊዎቹ ጋራ ተሰለፈ፤ በሚከተለውም ዓመት ለሮማ ሪፑብሊክ ተዋግቶ ወገኖቹ ድል ስለ ሆኑ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሰደደ። በስደት አገሩም በባንክ ሥራ እጅግ በለጸገ። በ1871 ዓ.ም. በፓሪስ በተነሣው ሁከት ወዳጁ ሲረሸን እርሱም ከሞት ለጥቂት አመለጠ። ከዚህ በኋላ ልቡ ከአውሮፓ ስለ ራቀ፣ ቴዎዶር ዱሬ ከሚባል ወዳጁ ጋራ ወደ እስያ ተጓዘ። በ1873 ዓ.ም. ሲመለስ በጃፓንና በቻይና የገዛውን ወደ 5,000 የሚሆን ዕቃ ይዞ መጣ፤ ከዚያም ውስጥ የነሐስ ሥራ በብዛት ነበረበት። ለዚህም ስብስብ ማኖሪያ የሚሆን ቤት አሠራ። በ1896 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ቤቱንና ዕቃውን ለፓሪስ ከተማ ስለ ተናዘዘ፣ በ1898 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ።

እኔ በዚህች ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ስኖር በዚያ ደጃፍ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም ነበረ። የገባሁት በየኔታ ምክንያት ነው። የኔታ በጎጃም በልጅነቴ ፊደል ያስቈጠሩኝና ዳዊት ያስደገሙኝ መምህሬ ናቸው። ዕድሜአቸው ሰማንያ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደባቸው፣ በፓሪስ የምትኖር ልጃቸው አስመጥታ አሳከመቻቸው። የእርስዋ ቤት ለልጆችዋም ጠባብ ስለ ነበረ እኔ ዘንድ አረፉ።

ወደ ቤቴ የገቡ ቀን በእጃቸው እየዳሰሱ ሲዘዋወሩ፣ ከመስተዋት ሣጥን አጠገብ ቆሙና «እዚህ ብራና ይሸተኛል» አሉ። እውነት ነበረ። በሣጥኑ ውስጥ ከአሥር ዓመት በፊት ከአንድ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ የገዛሁት የብራና ተአምረ ማርያም ተቀምጦ ነበረ። የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬበታለሁ። እንግዳ በመጣ ቍጥር ሥዕል ያለበትን ገጽ ገልጬ አሳይ ነበረ። ለየኔታም «አዎን የኔታ፣ ከባዕድ እጅ ያዳንሁት መጽሐፍ ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸውም «ደግ አደረግህ፣ ልጄ» ብለው አለፉ።

ሞራው ከተነሣላቸው በኋላ ከሁሉ አስቀድመው ያዩ ዘንድ የለመኑኝ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ያለውን የጎንደርን አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበረ። በ1932 ዓ.ም. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የምርምር ጓድ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ፣ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ በምትኩ የጓዱ ሠዓሊ የሣለው ተሰቅሎ፣ የጥንቱ ወደ ፓሪስ መጥቷል። የኔታ በዚያ ሥዕል ፊት ብዙ ጊዜ ቆሙ። ሥዕሉ ከመጥፋት ድኗል የሚል ምክንያት እንደሚሰጥ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልመለሱልኝም። በዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ከክፍላቸው ከሚሰማው ጸሎት አወቅሁ።

በማግሥቱ ላጽናናቸው ፈልጌ ምን እንደማሳያቸው ሳስብ የቼርኑስኪ ቤት ትዝ አለኝ። የእናታቸው ወንድም መስቀል አፍሳሽ ስለ ነበሩ የኔታ ስለ ነሐስ ሥራ መስማትም ማውራትም ይወዳሉ። «ከሰሎሞን ዘመን በፊት የተሠራ የነሐስ ዕቃ ላሳይዎት» ብላቸው በትራቸውን አንሥተው ተነሡ።

ገንዘብ ሳንከፍል ገባን። ቤቱ በ2020 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ስለ ተከፈተ ሁሉ ነገር ንጹሕና ሥርዐት የያዘ ነው። አስቀድመን የደረስንበት ክፍል ሻንግ የሚባሉት ነገሥታት ዕቃ ያለበት ነው። እነዚህ ነገሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 ዓመት ግድም ጀምሮ እስከ 1046 ዓመት ግድም ድረስ በቻይና ሰሜን ገዝተዋል። የመጨረሻው መናገሻቸው ዛሬ አንያንግ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ነበረ፤ ሊቃውንትም ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ስፍራውን እየቈፈሩ ብዙ ነገር አግኝተውበታል። በ1976 ዓ.ም. የተገኘው ፉ ሃው የተባለችው ንግሥት መቃብር ብቻውን ከ400 የሚበልጥ የነሐስ ዕቃ ነበረበት። በ1939 ዓ.ም. የተገኘውና ዛሬ በቤይጂንግ ያለው ባለ አራት እግር ታላቅ ድስት ደግሞ ክብደቱ ከ830 ኪሎ በላይ ነው።

በመስተዋቱ ውስጥ ያየናቸው ከዚያ እጅግ ያነሡ ናቸው። ሥጋ የሚቀቀልበት ባለ ሦስት እግር ድስት፣ እህል የሚቀርብበት ባለ ጆሮ ሳሕን፣ መጠጥ የሚሞቅበት እግረ ቀጭን ማንቈርቈሪያ፣ ወገቡ ቀጥኖ አፉ እንደ አበባ የተከፈተ ጽዋ ተደርድረዋል። በሆዳቸው ላይ ሁለት ዐይኖችና ቀንድ ያለው የአውሬ ፊት ተቀርጾባቸዋል። የፊቱ ትርጕም ምን እንደ ነበረ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ዛሬ ዕቃው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ይህ ግን በመሬት ውስጥ ሲኖር የያዘው ዝገት ነው እንጂ ከእሳት በወጣበት ቀን እንደ ወርቅ ያብረቀርቅ ነበረ።

የኔታም «ይህ ሁሉ ለግብር ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ለሞቱ አባቶቻቸው ሥጋና እህል፣ ከእህልም የተጠመቀ መጠጥ የሚያቀርቡበት መሆኑን ከተጻፈው እያነበብሁ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ተዝካር ነዋ» አሉ። ጥቂት አስበውም ራሳቸው አረሙት፤ «አይደለም። እኛ ለሞተው ነፍስ ምሕረት እንለምናለን፤ እነዚህ ግን ከሞተው ዘንድ ረድኤት ይለምኑ ነበር። መንገዱ ሌላ ነው። አባቱን ያልረሳ ሕዝብ መሆኑ ግን ይታያል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ አሠራሩ ጠየቁኝ። ነሐሱ ከመዳብና ከቆርቆሮ፣ ከጥቂት እርሳስም ጋራ የተቀላቀለ ነው አልኋቸው። «የአፈሳሱንስ ታውቃለህ? አጎቴ መጀመሪያ መስቀሉን በሰም ይሠሩ ነበር። ከዚያም በጭቃ ሸፍነው በእሳት ሲያሞቁት ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በሰሙ ስፍራ የቀለጠው ማዕድን ይገባል። ሰምና ወርቅ ያልነው ከዚህ የተነሣ ነው» አሉኝ። እኔም የሻንግ ሰዎች በሌላ መንገድ ይሠሩ እንደ ነበር ነገርኋቸው። እነርሱ የዕቃውን አምሳያ አስቀድመው ከሸክላ ይሠራሉ። በላዩ እርጥብ ጭቃ ይለጥፉና ከፍለው ያነሡታል። ከዚያም አምሳያውን ጥቂት ፍቀው ያሳንሱታል፤ የጭቃውን ክፍሎች በእሳት ካጠነከሩ በኋላ መልሰው ዙሪያውን ይገጥሙታል። የተፋቀው ያህል ክፍተት ይቀራል፤ ነሐሱም በዚያ ክፍተት ይፈስሳል። ክፍሎቹ በተጋጠሙበት ላይ እንደ ስፌት ያለ መሥመር አንዳንድ ጊዜ ይታያል። የኔታ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው መሥመሩን ፈለጉ፤ ባገኙትም ጊዜ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። «ይህን ለማየት ነው እግዚአብሔር ዓይኔን የመለሰልኝ» አሉ፤ ከዚያም በራሳቸው ሳቁ።

ከሁሉ ይልቅ የቤቱ ክብር የሆነው «እንስት ነብር» የሚሉት ዕቃ ነው። ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የመጠጥ ማኖሪያ ሲሆን፣ በሻንግ ዘመን መጨረሻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ግድም ተሠርቷል። የመጣውም በቻይና ደቡብ ካለው ከሁናን አገር እንደ ሆነ ይነገራል። በኋላ እግሩና በጅራቱ የተቀመጠ የነብር ዐይነት አውሬ አፉን ከፍቶ አንድ ሰው በፊት እግሮቹ ይዟል። የሰውየው ራስ ከአውሬው ጥርስ በታች ነው፤ እጆቹ ግን የአውሬውን ደረት አቅፈዋል። ፊቱም ወደ ጐን ዞሮ እኛን ያያል፤ አይጮኽም።

ሊቃውንት በዚህ ነገር አልተስማሙም። አንዳንዱ አውሬው ሰውን ሲበላ ነው ይላል፤ ሌላው ሲጠብቀው ነው ይላል። ደግሞ በዚያ አገር በጥንት ዘመን ተጥሎ የተገኘን አንድ ሕፃን ነብር አጠባችው፣ እርሱም አድጎ ታላቅ ሹም ሆነ የሚል ታሪክ ስላለ፣ እንስት ነብር የሚለው ስም ከዚህ ጋራ ይያያዛል። የኔታን ምን እንደሚመስላቸው ብጠይቃቸው፣ «ሊበላው ቢሆን አያቅፈውም ነበር። ዳሩ ግን እኔ ስለማላውቀው ነገር ለምን እፈርዳለሁ? የሠራው ሰው ቢኖር እርሱ ይንገረን» ብለው መለሱ።

የዚህ ዕቃ መንትያ የሚሆን አንድ ሌላ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ በሱሚቶሞ ቤተሰብ ስብስብ ውስጥ እንዳለ አውቅ ስለ ነበረ ነገርኋቸው። ይህንኛው በ1920 ዓ.ም. ተገዝቶ ወደ ፓሪስ መጣ። «ከሁለቱ አንዱ እንኳ በአገሩ አልቀረምን?» አሉ። አልቀረም አልኋቸው።

ወደ ጆው ነገሥታት ዘመን ዕቃ አለፍን። ጆዎች ሻንግን ድል አድርገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ዓመት ግድም የነገሡ ናቸው። ሻንግ በስካር ምክንያት የሰማይን ሞገስ አጣ ብለው ይነቅፉ ነበረ፤ በእነርሱም ዘመን የመጠጥ ዕቃው እያነሰ የድስቱና የእህሉ ዕቃ እየበዛ ሄደ። ደግሞም በዕቃው ውስጥ ረዥም ጽሕፈት ማድረግን አበዙ። ንጉሥ ለአንድ ሰው ርስት ወይም ሹመት ሲሰጠው ያ ሰው ዕቃ ያሠራና በውስጡ የንጉሡን ስጦታና የአባቱን ስም ያስጽፍበታል። በፍጻሜውም ብዙ ጊዜ፣ ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ለዘላለም ይጠብቁት፣ ይገለገሉበትም የሚል ቃል ይጨምርበታል።

ይህን ለየኔታ በተናገርሁ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «ይገለገሉበት ነው ወይስ ይመልከቱት ነው የሚለው?» አሉኝ።

«ይገለገሉበት ነው» አልሁ።

ዳግመኛ አልተናገሩም፤ ከመስተዋቱም ፊት ቀስ ብለው ሄዱ።

በሌላው ስፍራ የቡድሃ ሃይማኖት ምስሎች አሉ። ይህ ሃይማኖት ከሕንድ ተነሥቶ በክርስቶስ ልደት የመጀመሪያ መቶ ዓመት ግድም ወደ ቻይና ገባ። በአምስተኛው መቶ ዓመት ሰሜን ዌይ የሚባሉት ነገሥታት ታን ያው በተባለ መነኵሴ ምክር ዩንጋንግ በሚባለው ስፍራ ታላላቅ ዋሻዎችን ከዓለት አስፈለፈሉ፤ ሥራውም በ460 ዓ.ም. ግድም ተጀመረ። ከዚያ የመጣ ከአሸዋ ድንጋይ የተቀረጸ ምስል በዚህ ቤት ይገኛል። ቦዲሳትቫ የሚሉት ነው፤ ይኸውም በእነርሱ ትምህርት ወደ ፍጹም ዕረፍት ለመድረስ በቅቶ ሳለ ለፍጡራን በማዘን የሚረዳቸው ማለት ነው። ፊቱ ለስላሳ ነው፤ ከንፈሩም ፈገግ ሊል የጀመረ ይመስላል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከቻይና ዋሻዎች ብዙ ምስሎች፣ ይልቁንም ብዙ ራሶች፣ እየተቈረጡ ለገበያ ቀርበዋል። የኔታ ዋሻው ከዓለት የተፈለፈለ መሆኑን ሲሰሙ፣ «ላሊበላም ከዓለት ነው። ከዓለት የተፈለፈለ ነገር ማንም የማያነሣው ይመስል ነበር» አሉ።

በመጨረሻ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገባን። በዚያም ከአራት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከነሐስ የተሠራ፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ የቡድሃ ምስል አለ። ይህ የቻይና ሳይሆን የጃፓን ሥራ ነው፤ ስሙም አሚዳ ይባላል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ በዛሬዋ ቶክዮ ከተማ ሜጉሮ በተባለው ስፍራ በአንድ የጸሎት ቤት ይኖር ነበረ። የኔታ በደጃፉ ላይ ቆሙ። ሊገቡ አይፈልጉም ብዬ ፈራሁና «የኔታ፣ ካልወደዱት እንመለስ» አልኋቸው። እርሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አልሰግድለትም። ነገር ግን ሰዎች ያለቀሱበትና የለመኑበት መሆኑን አውቃለሁና በፊቱ አልቀልድም» አሉኝ። ገብተን በመቀመጫው ላይ ተቀመጥን።

«ቤቱ ምን ሆነ?» አሉ።

ያወቅሁትን ነገርኋቸው። የጸሎት ቤቱ በእሳት ስለ ተቃጠለ ምስሉ በሜዳ ላይ ቀርቶ ነበረ። ደግሞ በ1868 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ሺንቶ የሚባለውን የአገሩን ጥንታዊ ሃይማኖት ከቡድሃ ሃይማኖት ለመለየት ዐዋጅ ስላወጣ፣ ብዙ የቡድሃ ቤቶች ፈረሱ፣ ዕቃቸውም ተሸጠ። ቼርኑስኪ በዚህ ጊዜ ደርሶ ገዛው፤ በየክፍሉ አስፈትቶ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ አስጫነው፤ በ1873 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ታየ። እኔም የቤቱን ባለቤት ልከላከልለት ፈልጌ፣ «ባይገዛው ኖሮ ምናልባት ቀልጦ ሌላ ነገር ይሠራበት ነበር። አዳነው ማለት ይቻላል» አልሁ።

«ማዳንስ አድኖታል» አሉ የኔታ። «ሐሰት አትናገርም። የጎንደሩንም ሥዕል አዳንነው ይላሉ አልኸኝ፤ ይሁን። ነገር ግን ኦሪት ምን ይላል? የወንድሙን በሬ ጠፍቶ ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ እስኪፈልገውም ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ይመልስለታል። ማዳን ማለት እስከ መመለስ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ስሙ ሌላ ነው።»

እኔም የቼርኑስኪን ነገር እየተናገሩ መስሎኝ ነበረ። እርሳቸው ግን እጃቸውን በጕልበቴ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ዓይኔ በበራ በሦስተኛው ቀን፣ አንተ ወደ ሥራህ በሄድህ ጊዜ፣ ያንን መጽሐፍ አውጥቼ አነበብሁት» አሉኝ።

ዝም አልሁ።

«በመጨረሻው ቅጠል ያለውን ታውቃለህ ወይ?»

በመጨረሻው ቅጠል ላይ በቢላዋ የተፋቀ ስፍራ እንዳለ አውቅ ነበር። የተፋቀው ግን ምን እንደ ሆነ አሥር ዓመት ሙሉ ልመረምር አልወደድሁም፤ እንዳላውቅ ስለ ፈለግሁ ነው። ይህንንም ለመምህሬ ተናገርሁ።

እርሳቸውም ነገሩን ሁሉ በዝግታ ገለጡልኝ። ቀለሙ ቢፋቅም ብራናው ውስጥ ፍለጋው ስላልጠፋ፣ ወደ መስኮት ብርሃን ሲያዘነብሉት ይነበባል። መጽሐፉን ያስጻፈችው አንዲት ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። ሁለት በሬዎችዋን ሰጥታ ለነፍስዋና ለባልዋ ነፍስ መታሰቢያ እንዲሆን ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አስጽፋለች። የቤተ ክርስቲያኒቱንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ ከየኔታ አገር የሁለት ቀን መንገድ ናት። ከዚህም ቀጥሎ፣ በየመጻሕፍቱ መጨረሻ እንደ ተለመደው፣ መጽሐፉን የሰረቀና ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ተጽፏል።

«እኔ አልሰረቅሁትም፣ የኔታ» አልሁ። ድምፄ ግን የጥፋተኛ ልጅ ድምፅ ነበረ።

«አውቃለሁ። ቼርኑስኪም አልሰረቀም፤ ገንዘብ ከፍሏል» አሉ። ቀና ብለው ትልቁን ምስል ተመለከቱ። «ትናንት እኔ በጎንደሩ ሥዕል ሳዝን፣ አንተ አብረኸኝ ስታዝን፣ ያ መጽሐፍ በቤትህ ነበር። ይህን ነገር ልነግርህ ሌሊቱን ሙሉ ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ። ዛሬ እነዚህ የቻይና ሰዎች ልጆቼ ይገለገሉበት ያሉትን ስትነግረኝ አገኘሁት። አላዝህም። አሁን ግን አላውቅም እንዳትል ነው።»

ከዚያ ተነሥተን በአትክልቱ መካከል አልፈን ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ስለ ነሐስ አፈሳስ እንጂ ስለ ሌላ አልተነጋገርንም።

አንባቢ ሆይ፣ ወዲያው ታዝዤ መጽሐፉን ሰጠሁ ብል እዋሻለሁ። ዘጠኝ ቀን ተከራከርሁ። ብዙ ገንዘብ ከፍዬበታለሁ አልሁ። በገጠር አይጥና ዝናብ ያበላሸዋል አልሁ። እኔ ስሞት ለቤተ ክርስቲያን እናዘዘዋለሁም አልሁ። እያንዳንዱን ምክንያት ሳቀርብ ግን ያው ምክንያት ከጎንደሩ ሥዕል አጠገብም፣ ከቡድሃው ምስል አጠገብም ተነግሮ መስማቴ ትዝ ይለኝ ጀመር። እኔ በባዕድ ላይ ስፈርድ ምክንያቱን ንቄው ነበር፤ ለራሴ ሲሆን ግን ብርቱ መስሎ ታየኝ። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ሣጥኑን ከፈትሁ፤ መጽሐፉን አውጥቼ ወደ መብራቱ አዘነበልሁና የሴቲቱን ስም በዐይኔ አነበብሁ። ካነበብሁ በኋላ የምከራከርበት ቃል አልቀረልኝም።

የኔታ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ መጽሐፉ በአዲስ ማኅደር ሆኖ አብሮአቸው ሄደ። ከጥቂት ወራትም በኋላ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሞራ ከጋረዳቸው ጀምሮ የጻፉልኝ የመጀመሪያው ነው። በበቅሎ ሁለት ቀን ተጕዘው መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስረክበዋል። ካህናቱም ተቀብለው በኅዳር ጽዮን ዕለት አንብበውበታል፤ የአስጻፊዋና የባልዋ ስም በዚያ ቀን ተጠርቷል። ስለ እኔ ምን እንደ ተባለ የኔታ አልጻፉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በደብዳቤው ግርጌ ግን፣ «የተፋቀውን ስም በቀይ ቀለም መልሼ ጽፌዋለሁ፤ እጄ ጥቂት ተንቀጥቅጧል» የሚል ቃል ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ወደ ቼርኑስኪ ቤት ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። ውብ ነገር ማየትን አልጠላሁም፤ እንስት ነብሯንም ሳያት ደስታዬ አልቀነሰም። ስለ ሌላው አገር ዕቃ የመፍረድ ሥልጣን የለኝም፤ ባለቤቱ የሞተበት አለ፣ የተሸጠም አለ፣ ከእሳት የተረፈም አለ። ነገር ግን ቀድሞ ስሠራው እንደ ኖርሁት «እንዴት ያምራል!» ብዬ ብቻ አላልፍም። ከየት ቤት እንደ መጣ፣ ማን ለማን እንዳሠራው፣ ምን ይደረግበት እንደ ነበረ ከተጻፈው ላይ ፈልጌ አነባለሁ። ይህን ያህል ለሠራው ሰው የሚገባው ይመስለኛል።

በቤቴ ያለው የመስተዋት ሣጥን ዛሬ ባዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ በዚያ ምን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔም እነግረዋለሁ። ከእንግዶቼም አንዱ፣ ነገሩን እስከ ፍጻሜው ከሰማ በኋላ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ አንድ አሮጌ የመጾር መስቀል ሊያማክረኝ በሌላ ቀን ተመልሶ መጣ።